«አለቀ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ዌብሳይት መሥራት የጀመረች አንዲት አንባቢ የላከችልኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 25 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ተቀጥሬ ሠራሁ። ከዚያ ለቅቄ ዌብ ዴቨሎፕመንት መማር ጀመርኩ። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት እችላለሁ። ሪአክት ጀማምሬያለሁ፣ ዎርድፕረስም ነካክቻለሁ። ለሰው ሠርቼ ግን አላውቅም። አሁን በአንድ ወር ውስጥ አራት ሥራ መጣልኝ። አጎቴ የሚያውቃቸው የመርካቶ ነጋዴ ‹እንደ አማዞን ያለ› የኦንላይን መሸጫ ሥሪልኝ፣ 40,000 ብር እከፍላለሁ ብለውኛል። ሰፈራችን ያለ የጥርስ ክሊኒክ ትንሽ ዌብሳይት በ25,000 ብር እንድሠራለት ጠይቆኛል። ሊንክድኢን ላይ አንድ የውጭ ሰው ሰማንያ በመቶ ያለቀ የክሪፕቶ ሳይት አለኝ፣ የቀረውን ጨርሺልኝ፣ 1,500 ዶላር አለ ብሎኝ ኮዱን ልኮልኛል። እስካሁን አልከፈትኩትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዌብሳይት በነፃ እንድሠራላት ትፈልጋለች። እናቴ የመርካቶውን ያዢ ትለኛለች። የእኔን ልብ ግን ዶላሩ ወስዶታል። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይይዛሉ? ግራ የገባኝ፣ ከሳሪስ።»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ያ ሰው የላከልሽን ኮድ አትክፈቺው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እንዲህ ያለው ግብዣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የሳይበር ደህንነት ተመራማሪዎች ደጋግመው የጻፉበት ማጭበርበሪያ ነው። ሰውየው ሊንክድኢን ላይ ይመጣል። ፎቶው ያማረ፣ አነጋገሩ ትሁት ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ ከክሪፕቶ ጋር የተያያዘ ነው። ኮድ ይልክና «ኮምፒውተርሽ ላይ አስነሺውና ያየሽውን ንገሪኝ» ይላል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ኮዱ የሚፈልጋቸውን ተጨማሪ የኮድ ጥቅሎች (ፓኬጆች) ለማውረድ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብለሽ ስትጽፊ ከፓኬጆቹ ጋር የመጡ ስክሪፕቶች፣ ማለትም ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አንቺን ሳያስፈቅዱ ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ ክፉ ስክሪፕት ብሮውዘርሽ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሁሉ ለቅሞ ይሄዳል። «እኔ ምን አለኝና ይሰርቀኛል» ትዪ ይሆናል። ኢሜይልሽ አለ። የባንክ አፕሽ የተመዘገበው በዚያ ኢሜይል ሊሆን ይችላል። ነገ ደግሞ የሰው ሆስቲንግ፣ ሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ፣ የሚከፈትበት ቃል እጅሽ ይገባል።

ይሄኛው ሰውዬ ሌባ ነው ብዬ አልምልም። ግን እስቲ አስቢው። ለማንም ሠርታ የማታውቅ ልጅ ከአዲስ አበባ ፈልጎ 1,500 ዶላር የሚሰጠው ምን አይቶ ነው? እውነተኛ ሥራ ከሆነ ሠሪና አሠሪን በሚያገናኘው ድረ ገጽ፣ «በአፕወርክ በኩል እንዋዋል» በዪው። እዚያ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ከሆነ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ያስይዛል። ሥራውን ካስረከብሽ በኋላ ለ14 ቀን ዝም ቢል እንኳ ገንዘቡ ይለቀቅልሻል። ያልተያዘ ገንዘብ ግን የለም ማለት ነው፣ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዪ አትጀምሪ። በፔይፓል እልክልሻለሁ ካለ ደግሞ ሳቂና እለፊ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተ የፔይፓል አካውንት ይልካል እንጂ አይቀበልም።

ሌብነቱን እንኳ ብንተወው «ሰማንያ በመቶ ያለቀ» የሚለው ነገር አይጥመኝም። የቀረው ሃያ በመቶ ከአንቺ በፊት የነበረውን ልጅ ያባረረው ነው። ማንም ቢሆን ቀላሉን ለሌላ ትቶ አይሄድም። ወደፊትም እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ «በፊት የነበረው ለምን ተወው?» ብለሽ ጠይቂ።

ዶላሩን በዚህ እንዝጋው። (በነገራችን ላይ «እርስዎ» ስላልሽኝ አመሰግናለሁ፣ ግን ገና አርባ ሁለቴ ነው።)

ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። የአራቱንም ሥራ ዋጋ በደንብ ጽፈሽልኛል። 40,000፣ 25,000፣ 1,500 ዶላር፣ ነፃ። አንዱም ሥራ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን አልጻፍሽም። አልፈርድብሽም፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሐዋሳ ያለ አንድ ሆቴል ነበር። በ12,000 ብር ተስማማን። በ2002 ዓ.ም. ያ ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ባለቤቶቹ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው መጀመሪያ የሚታየው ሐይቁ ይሁን አለ። ሁለተኛው የለም፣ የሠርግ አዳራሹ ይቅደም አለ። ሦስተኛው ሁሉንም አይቶ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ሞቅ ይበል» አለኝ። ሞቅ ማለት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀይ አደረግኩት፣ «እንደዚህ እንኳ አይደለም» አለ። ፎቶ አንሺ ቀጥረናል ብለው አምስት ወር ጠበቅኩ። በመጨረሻ የደረሰኝ 4,000 ብር ነው። ዶሜኑን፣ የሳይቱን አድራሻ ማለቴ ነው፣ ዱባይ ያለ ጓደኛዬ በካርዱ በእኔ ስም ገዝቶልኝ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ጊዜው ሲያልቅ የሚደወለው ለእኔ ነው። «ሳይታችን ጠፋ» ይሉኛል። እኔም እንደ ሞኝ ጓደኛዬን እለምናለሁ።

ለዓመታት ጥፋቱን በእነሱ ላይ እያላከክኩ ኖርኩ። አሁን ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሥራው አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በሦስቱ ወንድማማቾች ጭንቅላት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሳይቶች ነበሩ፣ እኔ አራተኛውን እየሠራሁ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ይሄ ሥራ አለቀ የምንለው ምን ሲሆን ነው?» ደንበኛው በአንድ ትንፋሽ ከመለሰልሽ፣ አንቺም መልሱን ስትሰሚ ከግማሽ በላዩ አሁን ባለሽ ችሎታ የሚሠራ ከሆነ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ካንገራገረ ገና ሥራ አልሆነም፣ ምኞት ነው። ምኞት በቁርጥ ዋጋ አይያዝም።

በዚህ ጥያቄ የመርካቶውን ሰውዬ እንያቸው።

«እንደ አማዞን» ሲሉ ያዩት ዕቃ፣ ዋጋና «ግዛ» የሚል ቁልፍ ነው። ከቁልፉ ጀርባ ያለውን አላዩም፣ ማየትም የለባቸውም። የምታዪው አንቺ ነሽ። ክፍያውን እንጀምር። በቴሌብር ወይም በቻፓ ለመቀበል የንግድ ፈቃዳቸውና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው ያስፈልጋል። ያንን ወረቀት ይዛ የምትመላለሰው ማን ትመስልሻለች? ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ኮዱ ይመጣል። ገዢው ከፈለ፣ ወደ ሳይቱ ሳይመለስ ኔትወርክ ጠፋ። ገንዘቡ ከስልኩ ወጥቷል፣ ሳይቱ ግን «አልተከፈለም» ይላል። ይሄንን ለማስተካከል የክፍያው ድርጅት ለሳይትሽ በቀጥታ የሚልከውን መልእክት፣ ዌብሁክ የሚሉትን፣ ተቀብለሽ ማረጋገጥ አለብሽ። ከባድ ሳይንስ አይደለም። ግን ሰርቨር ላይ ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ የምትማሪው በሰው ገንዘብ ላይ ነው። ሰውየውም በስልክ የሚጮኹት አንቺ ላይ ነው፣ ቀጥሎም አጎትሽ ላይ።

ዕቃው ደግሞ አለ። ሱቁ ውስጥ አሥር ቀርቷል እንበል። ሱቅ ላይ ሦስት ሸጡ። ሳይቱ ላይ አሁንም አሥር ነው። ማን ይቀንሰው? ስድስት መቶ ዕቃ ካላቸው ስድስት መቶውን ፎቶ ማን ያነሳል? ማድረሱስ? አንዳንዴ ደግሞ ዋናው ችግር ኮድ እንኳ አይደለም። የውጭ ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ላይ ተማምኖ የሚጽፍ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙዎቹማ ተፎካካሪ እንዳያይባቸው ዋጋ መጻፍ ራሱን አይወዱም። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን አገር ያውቀዋል። ዋጋ የሌለበት አማዞን ልትሠሪ ነው ማለት ነው።

አካውንታንት ነሽና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ይሄን ሁሉ በወጉ ለመጨረስ፣ እየተማርሽ ስለሆነ፣ ቢያንስ 400 ሰዓት ይፈጅብሻል ባይ ነኝ። 40,000 ለ400 ሲካፈል በሰዓት 100 ብር ነው። የክሊኒኩ ሥራ በእኔ ግምት ከነማስተካከያው 70 ሰዓት ነው። 25,000 ለ70 ሲካፈል በሰዓት 357 ብር ገደማ ይመጣል። ትልቁ ገንዘብ የቱ ነው?

ለመርካቶው ሰውዬ ግን እምቢ አትበዪ። አጎት መሃል አለ፣ ሰውዬውም በቅን ልብ ነው የጠየቁሽ። እናትሽም የመርካቶውን ያዢ ያሉሽ ለብሩ ብቻ አይመስለኝም። ሰውዬውን ስለሚያውቋቸው ነው፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የሚታወቅ ሰው ስልክ ዘግቶ አይጠፋም። ስለዚህ ሥራውን ቁረጪው። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ መሸጫውን ወደፊት እንደርስበታለን። አሁን በጣም የሚሸጡልዎትን ሠላሳ ዕቃዎች ከነፎቷቸው የሚያሳይ አንድ ገጽ ልሥራልዎት። እያንዳንዱ ዕቃ ሥር ‹ደውል› የሚልና ወደ ቴሌግራም ቻናልዎ የሚወስድ ቁልፍ ይኖራል። ሠላሳው ዕቃ በስልክ በደንብ ሲታይ፣ ቁልፉ ሲነካ የሱቁ ስልክ ሲጠራ፣ ያኔ አልቋል።» በ15,000 ብር። ሰው እየደወለ ዕቃ ከጠየቃቸው ለቀጣዩ ደረጃ ራሳቸው ይጠሩሻል። ያኔ አንቺም ከዛሬው ትሻያለሽ። ይሄንንም ቢሆን ከክሊኒኩ ቀጥሎ እንጂ እኩል አትጀምሪው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ አንቺ ደግሞ በሁለት እጅሽ ልታፈሺ ነው።

ክሊኒኩን ያዢ።

ለምን? ባለቤቱ ሐኪም አንድ ሰው ከሆኑ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። (መጀመሪያ ይሄንን አረጋግጪ። ባለአክሲዮኖች ካሉ ሐዋሳን አስቢ።) ገጾቹ ይታወቃሉ፦ መግቢያ፣ አገልግሎት፣ ሐኪሞች፣ አድራሻ፣ ቀጠሮ። አብዛኛውን ዛሬም መሥራት ትችያለሽ። ሰፈርሽ ስለሆነ ሄደሽ ስልካቸው ላይ ታሳያቸዋለሽ። ደግሞ ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚታይ ሥራ ይሆንልሻል። የጥርስ ክሊኒክ ሳይት ያየ የዓይን ክሊኒክም የውበት ሳሎንም «ለእኔም እንደዚህ» ይላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ቀጠሮ ኦንላይን ይያዝ» ሊሉሽ ይችላሉ። ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ያለቀሰበት ልጅ አውቃለሁ። ታካሚዋ «3 ሰዓት» ስትል ጠዋት ነው። ፎርሙ ላይ 3፡00 ብለሽ ካስቀመጥሽ አንዷ ጠዋት ትመጣለች፣ ሌላዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ብሮውዘሩ የሚያወጣው የቀን መምረጫ ደግሞ የፈረንጆቹን ወር ነው። የሰፈርሽ እናቶች ሴፕቴምበር አይሉም፣ መስከረም ነው የሚሉት። ጃቫስክሪፕት አንድን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ማሳየት ይችላል፣ ኢንትል የሚባለውን ክፍሉን ተመልከቺ። የቀን መምረጫው ሳጥን ግን ጳጉሜን አያውቃትም። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለበትን መምረጫ ራስሽ ልትሠሪ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። «ለቀጠሮ ይደውሉ» የሚል ትልቅ ቁልፍ አድርጊ፣ ሲነካ የሚደውል። ጥርሱን ያመመው ሰው ፎርም መሙላት አይፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ። ፎርሙ ውስጥ ስም፣ ስልክና «ምን ያምምዎታል» ካስገባሽ የሰው የጤና መረጃ ይዘሻል ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ የሚያዝ አድርጎታል። ያልሰበሰብሽው መረጃ አይሰረቅም።

የአማርኛውን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ጀማሪ የሚሸወድበትን ልንገርሽ። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ዲዛይን አማርኛ ሲገባበት ይበላሻል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው «ሁሉን በትልቁ ጻፍ» የሚለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ምንም አይሠራም። ርዕሱ ከሌላው ጽሑፍ የሚለየው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። መስመሮቹም ይጨናነቃሉ፣ በመስመር መካከል ያለውን ክፍተት ከለመድሽው ጨምሪበት። ፎንቱን ለስልኩ አትተዪለት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አብረሽ ጫኚው፣ ነፃ ነው። ግን ፊደሎቻችን በመቶዎች ስለሆኑ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። ሁሉንም ውፍረት ሳይሆን መደበኛውንና ደማቁን ብቻ ውሰጂ። ሐኪሙ በስልካቸው ያነሱት ፎቶ እያንዳንዱ አራት አምስት ሜጋባይት ይሆናል፣ ሳታሳንሺ እንዳትጭኚው። በመጨረሻም በራስሽ ላፕቶፕ ሳይሆን በሰው ርካሽ ስልክ፣ በዳታ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ ክፈቺው። እዚያ ከተከፈተ የትም ይከፈታል።

ደግሞ ሪአክት ላሳይ ብለሽ አምስት ገጽ በሪአክት እንዳትሠሪ። ሐኪሙ ሰዓትና አገልግሎት ራሳቸው መቀያየር ከፈለጉ ዎርድፕረስ፣ ካልፈለጉ ተራ ኤችቲኤምኤል ይበቃል። ማንም የጥርስ ታካሚ በምን እንደተሠራ አይጠይቅሽም።

ስለ ገንዘቡ። ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። 12,500 ሳይገባ አንድ መስመር አትጻፊ። ቀብድ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ልብስ ሰፊም ይጠይቃል። ቀሪውን ሳይቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ በሙከራ አድራሻ ካዩት በኋላ። ማስተካከያው ሁለት ዙር ይሁን፣ ከዚያ በላይ ያለው በተጨማሪ ክፍያ። ዶሜኑና ሆስቲንጉ በእሳቸው ስምና በእሳቸው ኢሜይል ይገዛ። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሻጮች አሉ፣ እንደ እኔ ዱባይ መደወል የለብሽም። ደረሰኝ ይፈልጉ እንደሆነም ከዋጋ ስምምነቱ በፊት ጠይቂ። ክሊኒክ ሒሳብ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፣ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪና «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱልሽ። ጽሑፎቹና ፎቶዎቹ መቼ እንደሚደርሱሽም እዚያው ላይ ይግባ። ሥራ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በአንቺ አይደለም፣ ባልመጣ ፎቶ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ቀረች። በነፃ መሥራት ክፉ አይደለም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲሆንማ። ግን ኮሚቴ ስንት ሰው ነው? ዘጠኝ ሰው ከሆነ ዘጠኝ ሰው በሌሊትሽ ይደውልልሻል፣ የእነሱ ማታ ያንቺ ንጋት ነው። የቅዳሴ ሰዓት፣ አድራሻና የካህናቱ ስልክ ያለበት አንድ ገጽ ልሥራላችሁ በያት፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው ብቻ ያናግረኝ በያት። እሺ ካለች ከክሊኒኩ በኋላ ሥሪላቸው። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጨምሪበት ካሉሽ ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ በዋጋ የሚሆን።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ ጥያቄውን ጠይቂያቸውና የመለሱልሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ። መልሱ ከሁለት መስመር ከረዘመ ቀብዱን ከመቀበልሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናሳጥረዋለን።